አረቄ ሳቆም የሚያንቀጠቅጠኝ ጋኔን ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከአዘዞ ነው የምጽፍልዎ። ለዓመታት ጠዋቴን በአረቄ ነው የምጀምረው። ለፍልሰታ ተገዝቼ ባቆም በማግስቱ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ አልቻልኩም፣ ተመልሼ ጠጣሁ። «ሰይጣን ነው፣ ጸበል ግባ» ይሉኛል። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጉደል ይሆን?

መልስ፦ አይሆንም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዘዘው እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው። ስካር ኃጢአት ነው (ኤፌ. 5፥18)፤ መንቀጥቀጡ ግን የሥጋ ሕመም ነው። እባክዎ ዳግመኛ ብቻዎን በአንድ ቀን ቆርጠው አያቁሙ።

አንጎላችን የሚያረጋጋ ጋባ፣ የሚያነቃ ግሉታሜት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። አልኮል ጋባን ያግዛል፣ ግሉታሜትን ያፍናል። በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ለማካካስ ለጋባ ይደነዝዛል፣ የግሉታሜት መቀበያውን ያበዛል። አረቄው ድንገት ሲቀር ማነቃቂያው ልጓም ያጣል። መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መለኪያ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ እንደሚጥል በሽታ ማንዘፍዘፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊከተል ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ከመጣ ግን ሳይታከም ሊገድል ይችላል። ቤተሰብ «ያዘው» ብሎ የሚያስረው ይህን ሊሆን ይችላል!

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂዱ። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡና መጨረሻ የጠጡበትን ሰዓት ሳይደብቁ ይናገሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን በዚያ ይወሰናልና። ሐኪሙ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት እየቀነሰ ይሰጥዎታል፤ ራስዎ ገዝተው ከአረቄ ጋር ቢውጡት ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ቫይታሚን ቢ1 ከግሉኮስ በፊት ይሰጣል፤ ጠጪ ሰው ቢ1 ያንሰዋል፣ ስኳሩ የቀረችውን ጨርሶ አንጎልን ይጎዳል።

ጸበሉን አይተዉ፤ በእነዚያ ቀናት ግን በባዶ ሆድ ሲንገላቱ አይዋሉ። ለታመመ ጾም ይቀልላል፣ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ያፈረሱትንም ግዝት ለእርሳቸው ይናዘዙ እንጂ በራስዎ ሌላ ግዝት አይጨምሩ።

ከዚያ በኋላ የሚፈትነው አምሮቱ ነው። ዶፓሚን የሚባለው አምሮት ቀስቃሽ የአንጎል ንጥረ ነገር ጠርሙሱ ሳይከፈት በፊት፣ በአረቄ ቤቱ በር ሲያልፉ፣ ሽታው ሲመጣ ይቀሰቀሳል፤ ስለዚህ መንገድዎን ይለውጡ። ለጽዋ ማኅበር የዕለቱን ብርዝ ያስቀዱ (ያደረው ወደ ጠጅነት ጀምሯል)። ጢሞቴዎስን የሚጠቅሱልዎ አይጠፉም፤ ለእርሱ የተባለው ጥቂት ወይን ነው፣ ያውም ለሆድ ሕመም፤ አልኮሉ 40 በመቶ ለሚደርስ አረቄ አይደለም። «ቁርባኑስ ያገረሽብኝ ይሆን?» ብለው ከፈሩም፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀርበው ከዘቢብ የተጨመቀ እንጂ የሚያሰክር አይደለም።