ከሰርጉ ማግስት ጭው ያለው ጆሮ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 28 ዓመቴ ነው፣ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ከባንድ ጋር ሰርግ እሠራለሁ፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ክለብ። ጥርን ያውቁታል፤ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ተደራርቦ በሳምንት አራት ቀን የሠራንበት ጊዜ አለ። ባለፈው እሑድ ሰርግ ላይ በግራዬ ያለው ሞኒተር (መድረክ ላይ ለእኛ የሚያሰማን ስፒከር) በኃይል አፏጨ። ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ግራ ጆሮዬ ድፍን አለ። ቤት ስገባ ጭው ይላል። ከዚህ በፊትም ከሥራ በኋላ ጭው ይልና ጠዋት ይለቀኝ ስለነበር ዝም ብዬ ተኛሁ። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው፣ አልለቀቀኝም። አንድ ኖታ ላይ የቆመ ቀጭን ፉጨት ነው። ሌሊት ይብሳል። ደግሞ ትዝታ ስጫወት ላይኛው ኦክታቭ ላይ ያለ አንድ ኖታ በግራ ጆሮዬ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማኛል። መጀመሪያ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። እናቴ ጤና አዳም ጨምቃ ልታደርግልኝ ስትል እምቢ አልኳት። ፋርማሲ ሄጄ ጠብታ ሰጡኝ። ይድናል? ሙያዬንስ ልተወው?

ኪቦርዲስቱ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ማታ ነው። ይህ ዓምድ እስኪወጣ መጠበቅ ስላልፈለግኩ በዚያው ሌሊት ሁለት መስመር ጻፍኩልህ፦ «ነገ ጠዋት ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የመስማት ምርመራ ይሠራልህ።» ሄደሃል፣ የምርመራውን ወረቀትም በፎቶ ልከህልኛል። እንዳወጣው ስለፈቀድክልኝ ዛሬ ሌላውም እንዲያነበው ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ለምን እንዳጣደፍኩህ ልንገርህ። ጆሮ ጭው ማለቱ ብቻውን ቢሆን በሌሊት አያስጽፈኝም ነበር። ያስደነገጠኝ «ድፍን አለ» ያልከው ነው። አንዳንድ ጊዜ የውስጥ ጆሮ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የመስማት አቅሙን በድንገት ያጣል። ምንም ድምፅ ሳይኖር፣ ከእንቅልፍ ሲነሱም ይመጣል። የሚገርመው ሰውየው «አልሰማም» ብሎ አይመጣም። «ተደፈነብኝ፣ ጭው ይላል» ነው የሚለው። ጉንፋን ነው ይባላል። ኩክ ነው ይባላል። ምች ነው ይባላል። ጠብታ ይገዛል፣ ሦስት ሳምንት ያልፋል። ሕክምናው ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ተስፋ የሚሰጡትም በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመሩ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣ ሰው ሳይ እጄ ይታሰራል። ስለዚህ አንድ ጆሮው በድንገት የተደፈነበት ሁሉ በቀናት ውስጥ ይመርመር። አዲስ አበባ ላላችሁ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአንገት በላይ ክፍል አላቸው።

ቤት ውስጥ የምትሞከር አንዲት ፍተሻ አለች፤ ለሙዚቀኛ ደግሞ ትቀላለች። አፍህን ዘግተህ ዝቅ ባለ ድምፅ «እምምም» በል። ድምፁ ወደተደፈነው ጆሮ ካደላ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ኩክ ወይም ከታምቡር ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ወደ ደህናው ካደላ ግን የውስጥ ጆሮውን ወይም ነርቩን እንጠረጥራለን። ሐኪም አትተካም፤ «ነገ እሄዳለሁ» የሚለውን ሰው ግን ዛሬ ታስነሳዋለች። አንተም ስትሞክራት ወደ ቀኝ እንዳደላ ጽፈህልኝ ነበር።

አሁን ወረቀትህን እንየው። ታምቡርህ ደህና ነው፣ ኩክ የለም። የቀኝ ጆሮህ መስመር ከላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የግራው እስከ 2,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አብሮት ይሄድና 4,000 ላይ ወደ 40 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ዘጭ ይላል፤ መስመሩ በወረደ ቁጥር መስማት ቀንሷል ማለት ነው። 8,000 ላይ መልሶ ይወጣል። ይህ ጉድጓድ ከፍተኛ ድምፅ የጎዳው ጆሮ ምልክት ነው፤ ከወፍጮ ቤትም፣ ከተኩስም፣ ከባንድም የመጣ ሰው ላይ አየዋለሁ። የጆሮ ቦይ በቅርጹ ምክንያት 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ስለሚያጎላው ጉዳቱ እዚያና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ያርፋል። ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ የመጨረሻው ዶ 4,186 ኸርዝ ነው። ጉድጓድህ እዚያ ጥግ ነው ማለት ነው።

«ኖታው ከፍ ብሎ ይሰማኛል» ያልከውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዲፕላኩሲስ ይባላል፤ አንዱን ኖታ ሁለቱ ጆሮዎች በተለያየ ቅኝት ይሰሙታል። ሌላ ሰው ቢሆን ልብ አይለውም ነበር። ኪቦርድህ ደህና ነው፣ አትፍታው።

ደብዳቤህን ሳነብ ግን ከፉጨቱ ይልቅ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። «ድራመሩ በየትኛው ጎንህ ነው?» ብዬ ጠየቅኩህ። «በግራዬ፣ ሲምባሉ ከጆሮዬ አንድ ሜትር አይሆንም» አልከኝ። ለስንት ዓመት? ለስድስት። የሞኒተሩ ፉጨት የመጨረሻዋ ጠብታ ናት እንጂ ዕቃው ቀድሞ ሞልቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ይለቅህ የነበረው ጭውታም ማስጠንቀቂያ ነበር።

የውስጥ ጆሮ ቀንድ አውጣ የመሰለ ቅርጽ አለው፤ እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ይወዛወዛሉ፣ ውዝዋዜውን ወደ ነርቭ መልእክት ይቀይራሉ። ከባድ ድምፅ ሲመታቸው ነፋስ እንደጣለው ጤፍ ይተኛሉ። ብዙዎቹ በአንድ በሁለት ቀን ቀና ይላሉ። በረዶ እንደመታው የተቀነጠሱት ግን አይነሱም፣ ሌላም አይበቅልም።

ታዲያ የተቀነጠሰ ነገር እንዴት ይጮሃል? ይህን ለአንተ ማስረዳት ቀላል ነው። ሳውንድማን ከአንድ ማይክ የሚመጣው ድምፅ ሲያንስበት ምን ያደርጋል? ጌይን፣ ማለትም የማጉያውን መጠን፣ ይጨምራል። ሲጨምር ሽሽሽ የሚለው ይመጣል። አእምሮህም ያደረገው ይህንኑ ነው ብለን እናስባለን። ከ4,000 አካባቢ መልእክት ሲቀንስበት የዚያን መስመር ጌይን ከፍ አደረገ። የምትሰማው ፉጨት የመስመሩ ራሱ ድምፅ ነው። ሌሊት የሚብሰውም ሌላው ቻናል ሁሉ ስለሚዘጋ ነው።

ይድናል ወይ ላልከኝ፣ ገና ቀናት ነው። ከድምፅ ጉዳት በኋላ የሚመጣ ጩኸት በሳምንታት ውስጥ ሊለቅ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ሊቀርም ይችላል፤ አልደብቅህም። ቢቀር ግን እንደ ዛሬው አድርጎ አያሠቃይህም። ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚኖር ሰው የሌሊቱን ማይክ ሳይሰማ ይተኛል። የሚነቃው አንድ ቀን ያደረው እንግዳ ነው። አእምሮ አደጋ የሌለበትን ድምፅ ቀስ በቀስ ወደ ጓዳ ይገፋዋል። ጊዜው በወራት የሚቆጠር ነው፤ ጩኸቱን በፈራኸው ቁጥር ደግሞ ይረዝማል።

መድኃኒትን በተመለከተ አጭር ልሁን። ጩኸቱን የሚያጠፋ ክኒን የለም። ቤታሂስቲን በብዛት ይታዘዛል፣ ጊንኮም ይሸጣል፤ ለጆሮ ጩኸት መጥቀማቸው አልተረጋገጠም። የመረመረህ ሐኪም ለጥቂት ቀን የጻፈልህን ፕሬድኒሶሎን (ከኮርቲኮስቴሮይዶቹ አንዱ ነው) እንዳዘዘህ ጨርስ። ሌላ አንባቢ ግን ይህን አይቶ ራሱ ገዝቶ እንዳይውጥ፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ቲቢ ያለበትን ሰው ይጎዳል። ጠብታውን አቁም። ያለብህ ችግር ጠብታ የማይደርስበት ቦታ ነው። ታምቡር የተቀደደበት ሰው ላይማ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ጠብታዎች ራሳቸው የውስጥ ጆሮ ይጎዳሉ። ጤና አዳሙን እምቢ ማለትህ ትክክል ነው፤ እናትህን ግን ቡናው ላይ እንዲጨምሩልህ ንገራቸው፣ እዚያ ያምርበታል።

ቡና ካልን፣ ብዙዎች «ቡና ተው» ይሏችኋል። ቡና መተው ጩኸቱን እንደሚቀንስ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አላየሁም። ጫት ሌላ ነው። ከሥራ በፊት ትቅማለህ፣ ከሥራ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ለመስበር ትጠጣለህ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ጩኸቱን እጥፍ አድርጎ ይሰማዋል። አንተ ትቅማለህ አላልከኝም፤ የክለብ ሥራ ስለማውቅ ነው የምናገረው።

ሌሊት በጸጥታ አትተኛ። ሬዲዮ ዝቅ አድርገህ ክፈት፣ ወይም ስልክህ ላይ የዝናብ ድምፅ አጫውት፤ በኢርፎን ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ። ጩኸቱን እንዲውጠው አትፈልግ፣ ከሥሩ ሆኖ ያጅበው። ፍርሃቱ ከባሰብህ፣ ቀኑን ሙሉ እሱን እያዳመጥክ ከዋልክ፣ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ አግኝ። ጩኸቱ በሰው ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ጫና በመቀነስ በኩል ጥሩ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂድ። ለቤተሰብም ንገር።

አሁን ወደ ሙያህ። አትተወው። ቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ስሜታና ጆሮው ውስጥ አንድ ኖታ ያለማቋረጥ ይጮህበት ነበር፤ ምክንያቱ ከአንተ ቢለይም። እ.ኤ.አ. በ1876 ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች በጻፈው ኳርቴት መጨረሻ ላይ ያንኑ ለመጀመሪያው ቫዮሊን ሰጠው፤ ከፍ ያለ ‹ሚ› ሳይቋረጥ ይንሳፈፋል። የምትተወው አሠራርህን ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሥራ ቦታ ድምፅ የሚለኩ ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2፣ 94 ለ1፣ 97 ለግማሽ ሰዓት፣ 100 ለ15 ደቂቃ። ድራም አጠገብ፣ ሞኒተር ፊት 100 መድረስ ምንም አይደለም። አንድ ሰርግ 5 ሰዓት ከተጫወትክ የ20 ቀን ድርሻህን በአንድ ምሽት ጨረስክ ማለት ነው። አሁን ጆሮህ ላይ 15 ዴሲቤል የሚቀንስ መሰኪያ አድርግ። 100ው ወደ 85 ይወርዳል፤ 15 ደቂቃው 8 ሰዓት ይሆናል።

ጥጥ ግን አይደለም፣ ጥጥ የሚቀንሰው ከቁም ነገር አይገባም። የስፖንጁ መሰኪያ ይከላከላል፣ ሆኖም ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ሙዚቀኞች አውልቀው የሚጥሉት ለዚህ ነው። ለሙዚቀኛ ተብለው የተሠሩ ማጣሪያ ያላቸው አሉ፤ ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርጋሉ። ውጭ አገር ዘመድ ካለህ ጫማ ከምታስልክ እሱን አስልክ። መድረክ ላይ ደግሞ ድራመሩን በቀኝህ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ ያንን ጆሮ ማስያዝ ነው። ከሲምባሉ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ። ሞኒተሩ ዝቅ ይበል፤ ሳውንድማኑ ሊስቅብህ ይችላል፣ ይሳቅ። በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ወጣ በል።

መሰኪያውን ግን ታክሲ ውስጥም ካፌም አድርገህ አትዋል። ድምፅ የተነፈገ አእምሮ ጌይኑን ይጨምራል ብለናል። ያን ጊዜ የሲኒ ኳኳታ እንኳ መብሳት ይጀምራል።

ለአሁኑ ከክለቡም ከሰርጉም እረፍ። ገንዘቡ እንደሚያምህ አውቃለሁ፣ ግን ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ሥራው ራሱ ይቀዘቅዛል። ቤት ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ተለማመድ። በመካከል ዓለም ከዞረብህ፣ ጆሮህ እንደገና ከተደፈነ፣ ጩኸቱ ከልብ ምትህ ጋር ትር ትር ማለት ከጀመረ ወይም ፊትህ በአንድ በኩል ከዛለ ቀን አትቁጠር፣ ተመለስ። ደህና ከሆንክም ከፋሲካ በፊት የመስማት ምርመራውን ድገም፤ ጉድጓዱ ሞልቶ እንደሆነ እናያለን። ግራው ብቻ እየጮኸ ከቀጠለ የጆሮውን ነርቭ ለማየት ኤም አር አይ የሚባል ምርመራ ሊታዘዝልህ ይችላል፣ እንዳትደነግጥ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሰርጉ ሲጀመር አዲሱ ወረቀት በእጅህ፣ መሰኪያው በኪስህ ይሁን።