መልስ፦ ዊዳል «ፖዘቲቭ» ማለቱ ብቻውን ታይፎይድ አለ አያሰኝም

ጤና ይስጥልኝ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብለው መድኃኒት ቢወስዱም ድካሙና የራስ ምታቱ እንዳልተወዎት፣ ምርመራውም አሁንም ፖዘቲቭ እንደሆነ ጽፈው፣ በሽታው ለምን እንደማይለቅዎት ጠይቀዋል። እኔ የምጠረጥረው ከመጀመሪያውም ታይፎይድ እንዳልነበረብዎት ነው።

ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዊዳል ምርመራ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ነው፤ ይህም ከዳኑ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ታይፎይድ በሚዘወተርበት እንደ እኛ ባለ አገር ምንም ያላመመው ሰው እንኳ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ዌይል ፌሊክስ የሚባለው የታይፈስ ምርመራ ደግሞ የሌላ ባክቴሪያ አንቲጂን (ፀረ እንግዳ አካል የሚያያዝበትን ክፍል) የሚጠቀም በመሆኑ ይበልጥ ያሳስታል። ስለዚህ መዳንዎን ለማወቅ ዊዳልን መድገም አይጠቅምም።

ታይፎይድን የሚያረጋግጠው አንቲባዮቲክ ሳይጀመር የሚወሰድ የደም ከልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ ነው፤ እርሱም ቢሆን አንዳንዱን ሕመምተኛ ይስታል። ለቀናት የዘለቀ ትኩሳት ከሌለዎት ግን አራተኛውን መድኃኒት አይጀምሩ፤ ይልቁንም ሐኪምዎ ደም ማነስን፣ ስኳርን፣ የታይሮይድ ችግርን፣ የእንቅልፍ ማጣትንና ድብርትን እንዲመለከትልዎት ይጠይቁ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም መቀባዠር ከታየ ግን ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።