ሐና፣ ሃና ወይስ ሀና?

ስለ ሴት ልጅ ስም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሐና የሚለው ስም በዛብኝ፤ ዛሬ እሱን ብቻ ላንሳ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ልትወለድ ነው። ሐና ልንላት አስበናል። ትርጉሙ ምንድነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ስሙ የዕብራይስጥ ነው፤ ጸጋ፣ ሞገስ ማለት ነው። በብሉይ ኪዳን ሐና የሳሙኤል እናት ናት። ልጅ አጥታ፣ ጣውንቷ ፍናና እያበሸቀቻት፣ ሴሎ ሄዳ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምጿ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ «ሰክራለች» ብሎ ተቆጣት። ይቺን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ለዔሊ አፍርለታለሁ። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ በዕድሜ የገፋች ነቢይት ሐና አለች። የማርያም እናት ሐና ግን በአራቱ ወንጌሎች ስሟ የለም።

ጥያቄ፦ ልደት ካርዴ ላይ «ሃና»፣ ዲፕሎማዬ ላይ «ሐና» ነኝ። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ በምንጩ ከሄድን ሐመሩ ሐ ነው። ዕብራይስጡ በ«ሔት» ይጽፈዋል፤ የዚያ አቻ በግእዝ ሐ ነው። ዮሐንስም የሚመዘዘው ከዚሁ ሥር ነው፤ «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» እንደማለት። ልጆቻቸውን ሐናና ዮሐንስ ያሉ ወላጆች ሳያውቁት አንድ ስም ሁለቴ አውጥተዋል። አፋችን ላይ ግን ሐም፣ ሀም፣ ሃም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሁሉም እንደመጣለት ይጽፋል። ጣጣው ኮምፒውተር ላይ ነው። ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «ሃና» ብለሽ ስትፈልጊ «ሐና» አትወጣም። እኔም አንዴ የስም ዝርዝር ሳዘጋጅ አንዷን ሐና ሦስት ቦታ መዝግቤ፣ ሦስት ሰው መስላኝ ስቆጥር ውዬአለሁ። ስለዚህ የፊደሉን ሙግት ለእኛ ተይውና ሰነዶችሽን አንድ አድርጊ፤ «ሃ» ቢሆንም ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ፋሽኑ አላለፈበትም?

መልስ፦ ኧረ የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ለሴት ሕፃናት በብዛት ከወጡት ስሞች 2ኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብሏል፤ ግን አናም አንም የዚሁ ስም ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ በጃፓንኛ «አበባ» ነው ይላሉ። ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ነው ሲሉም ሰማሁ።

መልስ፦ አበባው እውነት ነው፤ ዝምድና ግን የለውም፣ ግጥምጥሞሽ ነው። ከኋላ የሚነበበው በላቲን ፊደል፣ ያውም መጨረሻው ላይ ኤች ሲጨመርበት ነው። በእኛ ፊደል ብትገለብጡት «ናሐ» ነው የሚወጣው።