«ስለ ኳሴ» ብቻ እያለ የሚያመሰግን ልጅ

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት አብረን እንጸልያለን። ትልቁን «ዛሬ እግዚአብሔርን ስለ ምን ታመሰግናለህ?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ «ስለ ኳሴ» ነው። ሰሞኑን ደግሞ «ምንም የለኝም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ያለቅሳል። ትንሿ በበኩሏ «አባታችን ሆይ» ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስዳታል። ቀስቅሼ ላስጨርሳት? ምን ይመክሩኛል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ትንሿን አትቀስቅሻት። የቀረውን አንቺ ጨርሺላት።

ትልቁ ስለ ኳሱ ማመስገኑ ምን ክፋት አለው? በዚህ ዕድሜው «ስለ ጤና፣ ስለ ሰላም» ቢልሽ ካንቺ የሰማውን እየደገመ ነው። ኳሱ ግን የራሱ ነው። እኔ ብሆን ስለ ኳሱ አወራው ነበር። ማን ሰጠህ? ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ማን አቀበለህ? እያለ እያለ ወሬው ከዕቃው ወደ ሰዎቹ ይሄዳል።

ጥያቄውን ለጊዜው ተዪውና እሱ እየሰማ አንቺ ቅደሚ። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ብለሽ ግን አትለፊው። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ራሴን ሲያመኝ ልጄ ውሃ ስላመጣልኝ አመሰግንሃለሁ» በይ። ብዙ ልጅ ስሙን በእናቱ ጸሎት ውስጥ የሚሰማው «እባክህ ለዚህ ልጅ ልቦና ስጠው» ሲባል ብቻ ነው!

«ምንም የለኝም» ያለ ዕለት ቀኑ ከፍቶበት ይሆናል። ምን እንዳስከፋው ጠይቂው፤ ያንንም ለእግዚአብሔር ይንገረው። መዝሙር 13 (በአንዳንድ እትም 12) የሚጀምረው «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» በሚል እሮሮ ነው። ዝማሬው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዳዊት ያማረረውን ያህል የስድስት ዓመት ልጅ ቢያማርር አይፈረድበትም።

«ስንት የሚበላው ያጣ ልጅ አለ» የሚለውን ነገር ደግሞ ተዪ። ልጁ የሚማረው በሌላው ማጣት መጽናናትን ነው። «ካላመሰገንክ እግዚአብሔር ይቀጣሃል» ማለት ከዚህም ይብሳል። ሉቃስ 17 ላይ አሥር ለምጻሞች ነጹ፣ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር። ኢየሱስ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ለምጹ ግን ተመልሶ ያዛቸው የሚል ነገር የለም። ታሪኩን ንገሪው፣ ስብከት ግን አታድርጊው። ዘጠኙ ለምን ሳይመለሱ የቀሩ ይመስልሃል ብለሽ ጠይቂው። «ወደ እናታቸው እየሮጡ ይሆናል» ቢልሽ አታርሚው። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል።

ሁለቱንም የሚያሳትፍ ነገር ከፈለግሽ መዝሙር 136 (በአንዳንድ እትም 135) አለልሽ። 26ቱም ቁጥሮች «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያሉ ያልቃሉ። አንቺ መጀመሪያውን ትያለሽ፣ እነሱ ይቀበሉሻል። ፊደል ያልቆጠረችውም ትችለዋለች። ሁሉንም ካልሽ ግን ማን ይነቃል? እስከ ቁጥር 9 ይበቃል፤ ሰማዩ፣ ምድሩ፣ ፀሐዩ፣ ጨረቃውና ከዋክብቱ እዚያው ናቸው። ከዚያ አንድ አንድ መስመር ከራሳቸው ይጨምሩ። «ኳስ ለሰጠኝ» ካለ እናንተ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብላችሁ ተቀበሉት። አይስቅም ብለሽ ነው? ይሳቅ፣ ምን ችግር አለው።

አንቺ ራስሽ ደክሞሽ በምትነጫነጪበት ማታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጸልዪና ተኙ። ቁጣ ያለበት ረጅም ጸሎት ለማንም አይጠቅምም። በደብዳቤሽ ስለ አባታቸው አልነገርሽኝም እንጂ ቤት የሚያመሽ ከሆነ ተራ ግቡ። ልጆቹ እሱም ሲያመሰግን ይስሙት።