«ቴል ሚ» ከተባለ «ኤክስፕሌን ሚ» ምን አጠፋ?

እህቴ፣ ለአለቃሽ በኢሜይል «ፕሊዝ ኤክስፕሌን ሚ ዘ ፕሮብለም» ብለሽ ጻፍሽ፤ እሱ «ቱ ሚ» ብሎ አርሞ መለሰልሽ። «ቴል ሚ» ትክክል ሆኖ ይሄ ለምን ስህተት ይሆናል ነው ጥያቄሽ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለሠራተኞችና ለውጭ አገር ሱፐርቫይዘሮች ሳስተረጉም ዓመታት አልፈዋል። ይቺን ነገር ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው። ከእኛ ሰዎች ብቻ ደግሞ አይደለም፤ ከውጭ የመጡትም ይሏታል። ስለዚህ አትሸማቀቂ።

አለቃሽ ግን ልክ ነው። ከ«ኤክስፕሌን» ቀጥሎ የሚመጣው የሚብራራው ነገር ነው እንጂ የሚብራራለት ሰው አይደለም። ሰውየው «ቱ» ይፈልጋል፦ «ኤክስፕሌን ዘ ፕሮብለም ቱ ሚ»። «ኤክስፕሌን ሚ» ካልሽማ የሚብራራው ነገር አንቺው ሆንሽ! አለቃ ተቆጥቶ «ኤክስፕሌን ዩርሰልፍ» ሲል «ቱ» የማይጨምረው ለዚህ ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረግሽ ተናገሪ ማለቱ ነው።

የሚገርመው ጉራማይሌ ስናወራ አንሳሳትም። «እስቲ ኤክስፕሌን አድርግልኝ» እንላለን። «ኤክስፕሌን አድርገኝ» የሚል ሰው ገጥሞሽ ያውቃል? «ቱ»ን ተክታ የምትሠራው ያቺ «ል» ናት። የሚሸውደን «አስረዳኝ» ነው። ቅርጹ ከ«ንገረኝ» ጋር አንድ ስለሆነ እንግሊዝኛውም አንድ ይመስለናል።

እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ጀልባ ላይ ያሉትን ልጆች ስሚያቸው። «አይ ሾው ዩ ሂፖ» ይሉሻል። «ዊል» ብትጎድልም «ሾው ዩ» ያለ ምንም «ቱ» ልክ ነው። ያው ልጅ ስለ ታቦር ተራራ ሊያስረዳሽ ፈልጎ «አይ ኤክስፕሌን ዩ ታቦር» ካለ ግን ሳተ።

ታዲያ የቱ ከየቱ እንደሆነ በምን ይለያል? አንድ ዘዴ አለ። «ጊቭ»፣ «ቴል»፣ «ሾው»፣ «ሴንድ» አጫጭር ናቸው። «ኦፈር» እና «ፕሮሚስ» ረዘም ቢሉም የድምፁ ጫና፣ ማለትም ጠንከር ተደርጎ የሚነገረው ክፍል፣ መጀመሪያቸው ላይ ነው። እነዚህ ሰውን በቀጥታ ያስከትላሉ። «ኤክስፕሌን»፣ «ዲስክራይብ»፣ «ሰጀስት»፣ «አናውንስ»፣ «ሪፖርት» ግን ጫናቸው ወደ ኋላ ነው፤ «ቱ» ይፈልጋሉ። ሙሉ በሙሉ አትመኚው ታዲያ። «አሳይን» (መመደብ) ጫናው ኋላ ሆኖ «አሳይንድ ሚ ኤ ጆብ» ይባላል። «ሜንሽን» ደግሞ ጫናው ፊት ሆኖ «ቱ» ይላል።

ከተጠራጠርሽ ነገሩን አስቀድሚ፣ ሰውየውን በ«ቱ» አስከትዪ። «ሴንድ ኢት ቱ ሚ»፣ «ሾው ኢት ቱ ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ»፦ ሁሉም ያስኬዳል። እኔ አዲስ ለሚገቡት ልጆች የምነግራቸው ይሄንን ብቻ ነው።

በንግግር እንኳን ማንም ይገባዋል፣ ብዙም አያስጨንቅም። ጉዱ ጽሑፍ ላይ ነው። ስፌት ላይ መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው አንድ ሳይቀር ተለቅሞ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ልብስ ውስጥ ከቀረ ሰው ይወጋል። እዚያ መዝገብ ላይ «አይ ዋዝ ኤክስፕሌንድ ዛት ዘ ኒድል ብሮክ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለሽ። ይሄ አይሆንም። ከግሱ ቀጥሎ ያለ «ቱ» መቀመጥ ያልቻለ ሰው፣ ወደ ፊት መጥቶ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሊሆን አይችልም። ወይ «አይ ዋዝ ቶልድ ዛት» በይ፣ ወይ «ኢት ዋዝ ኤክስፕሌንድ ቱ ሚ ዛት»። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አጭር ነው፣ ማንም አያርመውም።

ሌላም አለች። «ኤክስፕሌን ቱ ሚ ዋት ኢዝ ዘ ፕሮብለም» አትበዪ። ጥያቄው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፤ «ዋት ዘ ፕሮብለም ኢዝ» ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ «ቱ ሚ» ቀድሞ የመጣው የሚብራራው ነገር ረጅም ስለሆነ ነው። ይሄ ይፈቀዳል።

«ኤክስፕሌን አባውት» የሚሉም አሉ። ጽሑፍ ላይ «አባውት»ን ጣያት፣ አታስፈልግም። ከ«ዲስከስ» ኋላ ከመጣችማ ጭራሽ ስህተት ናት።

ለአለቃሽ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ኤክስፕሌን ዘ ፕሮብለም?» ብለሽ ብትልኪም ይበቃል። ላኪዋ አንቺ ስለሆንሽ ለማን እንደሚያብራራ ያውቀዋል።