ሃምሳ፣ ሠላሳና ሃያ ስንት ነው? ስለ ቪኤ ካሳ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ እርሱም ሁላችንም በአጭሩ ቪኤ የምንለው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ቪኤ በውትድርና አገልግሎት ምክንያት ለመጣ ጉዳት ወይም ሕመም፣ ክብደቱን በመቶኛ መዝኖ በየወሩ ካሳ ይከፍላል። ጸሐፊዎቹ በአሜሪካ ጦር አገልግለው የተሰናበቱ ወገኖቻችን ሲሆኑ፣ ቋንቋቸው ተፈልጎ ማቭኒ በተባለው መርሐ ግብር የገቡም ይገኙባቸዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። የምጠቅሰው ወርኃዊ ክፍያ፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የተሠራበትና ጥገኛ ለሌለው ሰው የሚከፈለው ነው። ክፍያው የኑሮ ውድነትን ተከትሎ በየዲሴምበሩ ስለሚስተካከል በእጃችሁ ያለው ደብዳቤ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ አትገረሙ።

አንድ የቨርጂኒያ አንባቢ በቁጣ ጽፈዋል። ፒቲኤስዲ ለሚባለው፣ ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት 50፣ ለማይግሬን 30፣ ለወገባቸው 20 በመቶ ተፈቅዶላቸዋል፤ «ሲደመር መቶ ነው፤ ደብዳቤው ግን 70 ይላል። ሠላሳውን ማን በላው?» ይላሉ።

ማንም አልበላውም። ቪኤ መቶኛዎችን አይደምርም፤ እያንዳንዱን ጉዳት የሚያሰላው ከእርሱ በፊት የተቆጠሩት ጉዳቶች ካስተረፉት ጤና ላይ ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ያስቡ። ፒቲኤስዲው ግማሹን ቆረሰ። ማይግሬኑ 30 በመቶ የሚወስደው ከሙሉው እንጀራ ሳይሆን ከቀረው ግማሽ ስለሆነ 15 ይሆናል፤ በድምሩ 65 ሄዶ 35 ተረፈ። ወገብዎ ደግሞ የ35ቱን 20 በመቶ፣ ማለትም 7 ይወስዳል። ውጤቱ 72 ነው፤ ይህም ወደ ቅርቡ አሥር ተጠግቶ 70 ይሆናል። በአምስት የሚያልቅ ቁጥር ወደ ላይ ይጠጋል።

ከቁጣዎ በላይ የሚጠቅምዎ ነገር ግን 72 የምትለዋ ቁጥር ናት። ማጠጋጋቱ የሚደረገው አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻ ብቻ ስለሆነ፣ ነገ ለጆሮ ጩኸት 10 በመቶ ቢጨመርልዎ ስሌቱ የሚቀጥለው ከ70 ሳይሆን ከ72 ነው። የቀረው 28 ስለሆነ አሥር በመቶው 2.8 ነው፤ ውጤቱ 75 ይሆንና ወደ 80 ይጠጋል። በወር ከ1,759.19 ወደ 2,044.89 ዶላር አደጉ ማለት ነው። ከ70 ቢጀመር ኖሮ 73 ላይ ቆሞ እንደገና 70 ይባል ነበር። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ያለውን ክብ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ትክክለኛ ቁጥርም ይያዙት።

ይኸው ስሌት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይከብዳል። ልክ 90 ላይ ያለ ሰው መቶ ለመባል 95 መድረስ አለበት፤ ለዚያም ሌላ የ50 በመቶ ጉዳት ያስፈልገዋል። በ90 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት በወር 1,533.34 ዶላር ስለሆነ ሰው እዚያች ጫፍ ላይ ለምን እንደሚንገበገብ ይገባኛል። ሆኖም ጉዳቱ ሥራ ሠርቶ ከመኖር ያገደው ሰው፣ አንዱ ጉዳት ብቻውን 60፣ ወይም ጥምሩ 70 ሆኖ ከመካከላቸው አንዱ ቢያንስ 40 ከሆነ፣ ቲዲአይዩ በሚባለው መንገድ የመቶውን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለቱም ጉልበቶቻቸው እያንዳንዳቸው 20 በመቶ የተሰጣቸው አንባቢ፣ በደብዳቤው ላይ «ባይላተራል» የሚል ቃል አይተው ስድብ መስሏቸዋል።

ስድብ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ሁለት እጅ ወይም ሁለት እግር ሲጎዳ አንዱ ሌላውን መደገፍ ስለማይችል፣ ሕጉ የሁለቱን ጥምር ውጤት አሥር በመቶ ይጨምርበታል። የእርስዎ ሁለት ጉልበቶች ሲጣመሩ 36 ናቸው፤ 3.6 ተጨምሮ ወደ 40 ይሆናሉ። የጆሮ ጩኸትዎ 10 በመቶ ሲታከልበት 46 ይመጣና 50 ይባላል። ያ ጭማሪ ባይኖር 42 ላይ ቆሞ 40 ይባል ነበር።

ቪኤ ላለፉት ወራት በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ውዝፍ ገንዘብ ግብር ይከፈልበታል?

አይከፈልበትም።

«ከጦሩ የወጣሁት በ2014 ነው» ይላል አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ወንድሜ። «በጁን 12 ቀን 2023 ጓደኛዬ ጎትጉቶኝ ኢንቴንት ቱ ፋይል የሚሉትን፣ «ላመለክት አስቤያለሁ» የሚል ቅጽ አስገባሁ፤ ዋናውን ማመልከቻ በሜይ 2024 ላክሁ፤ በፌብሩዋሪ 2025 70 በመቶ ተፈቀደልኝ። የተጎዳሁት ግን በ2012 ነው። ውዝፉ ለምን ከዚያ አልተቆጠረም? ቁጥሩስ ከየት መጣ?»

ከቁጥሩ ልጀምር፤ እርሱ ይቀላል። መብትህ የሚነሳበት ቀን ጁን 12 ነው፤ ክፍያ ግን የሚጀምረው ከተከታዩ ወር መጀመሪያ ስለሆነ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ተቆጠረልህ። ውዝፉ በሙሉ በዛሬው ዋጋ አይባዛም፤ እያንዳንዱ ወር በራሱ ጊዜ በነበረው ተመን ይታሰባል። እስከ ኖቬምበር 2023 ያሉት አምስት ወራት በ1,663.06፣ ቀጣዮቹ አሥራ ሁለት ወራት በ1,716.28፣ ዲሴምበር 2024 እና ጃንዋሪ 2025 ደግሞ በ1,759.19 ሲሰሉ በድምሩ 32,429.04 ዶላር ይሆናል። ወለድ የለውም፤ መሥሪያ ቤቱ ስለዘገየ የሚጨምርልህ ነገር አይኖርም።

አሁን ወደሚያመው ክፍል እንምጣ። ሕጉ የሚጠይቀው መቼ እንደተጎዳህ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደጠየቅህ ጭምር ነው፤ ከሁለቱ የሚዘገየውንም ይወስዳል። ከጦሩ በተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ላመለከተ ሰው መብቱ ከተሰናበተበት ማግስት ይነሳል። ያ ዓመት ካለፈ ቀኑ ማመልከቻው የደረሰበት ቀን ነው። ኢንቴንት ቱ ፋይል፣ ቁጥሩ 21-0966 የሆነው አጭር ቅጽ፣ ያንን ቀን ለአንድ ዓመት ይዞ ያቆይልሃል። ያንተ ቅጽ ከጁላይ 2023 እስከ ሜይ 2024 ያሉትን አሥራ አንድ ወራት፣ ማለትም 18,612.98 ዶላር አድኖልሃል። ለጎትጓች ጓደኛህ ቢያንስ አንድ ክትፎ ይገባዋል።

ከ2014 እስከ 2023 ያሉት ዓመታት ግን፣ ቪኤ ቀድሞ የቀረበለትን ጥያቄ ሳይመልስ አስቀምጦ ካልሆነ በቀር፣ አይመለሱም። ለምን ሳትጠይቅ ዘጠኝ ዓመት እንደቆየህ በደብዳቤህ ጫፍ ላይ በአንድ መስመር ጽፈኸዋል፤ «እጅ እግሬ ሙሉ ሆኖ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ብለሃል። ይህን መስመር በተለያየ ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት ብነግርህ ታዝናለህ። አንዱ እግሩን ያጣ ጓደኛውን እያሰበ ያፍራል። ሌላው እብድ እንዳይባል ሌሊት የሚያባንነውን ነገር ለሚስቱ እንኳ አይናገርም። ሌላው ደግሞ ካሳውን ምጽዋት አድርጎ ያየዋል። ይሉኝታ በሠፈር ውስጥ ሰውን ከሰው የሚያስማማ ጨው ሊሆን ይችላል፤ ከቪኤ ጋር ሲሆን ግን በወር ስንት እንደሚያስከፍል ከላይ በሳንቲም ቆጥረነዋል።

ይሉኝታው በምርመራው ክፍልም ይከተለናል። ቪኤ ጉዳቱን ለመመዘን በሚያዘው፣ ሲ ኤንድ ፒ በሚባለው ምርመራ ላይ ሐኪሙ «ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲል፣ ከእናቶቻችን የወረስነው መልስ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ለእኛ ይህ ሰላምታ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ታካሚው ደህና መሆኑን ተናግሯል» ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። ምስጋናውን ከቤት ስትወጣ አድርሰህ ግባ። ከዚያ በክፉው ቀን ወገብህ ስንት ደቂቃ እንደሚያስቆምህ፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ እንደቀረህ፣ ጫማህን ማን እንደሚያስርልህ ተናገር። ማጋነን አልመክርም፤ ከሕግም ያጣላል። የምመክረው ማሳነሱን እንድትተው ነው።

ገና በጦሩ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ፣ ከመሰናበቻችሁ በፊት ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማመልከት እንደሚቻል አስታውሳለሁ። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰውም የውሳኔው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ማስረጃ ቢያቀርብ፣ በከፍተኛ መርማሪ እንዲታይለት ቢጠይቅ ወይም ለይግባኝ ቦርዱ ቢያመለክት የመጀመሪያ ቀኑ አይጠፋም። ተናዶ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ የወረወረና ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጣው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቀኑን ይዞ አይነሳም።

አንዲት እኅት፣ ባለቤታቸው ካፌ ውስጥ ያገኙት «አማካሪ» የመጀመሪያ ማመልከቻውን ሊሞላ ከውዝፉ ላይ 30 በመቶ እንደጠየቃቸው ጽፈው «ተገቢ ነው?» ይላሉ።

አይደለም፤ ዛሬውኑ ይተዉት። በፌዴራል ሕግ መሠረት ለመጀመሪያ ማመልከቻ ማንም ሰው፣ ጠበቃም ቢሆን፣ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ጠበቃ ወይም ወኪል ማስከፈል የሚችለው ቪኤ የመጀመሪያ ውሳኔውን ከሰጠ በኋላ ነው፤ እርሱም በቪኤ ዕውቅና የተሰጠው መሆን አለበት። ያን ጊዜ የተለመደው ክፍያ ከውዝፉ 20 በመቶ ሲሆን ቪኤ ራሱ ቀንሶ ሊከፍለው ይችላል። ዕውቅና ያለው ሰው ስሙ በቪኤ ዋና የሕግ አማካሪ ቢሮ ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ ስሙን ጠይቀው ይፈልጉት። በዝርዝሩ ላይ ከሌለ የባንክ ቁጥርም፣ የይለፍ ቃልም፣ ፊርማም አይስጡት። ሰውየው የሀገራችን ልጅ መሆኑ፣ አማርኛው መጣፈጡ፣ የአጎትዎ ሚዜ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን እና ቪኤፍደብሊው የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ዕውቅና ባላቸው ሠራተኞቻቸው ይህንኑ ሥራ ያለ ምንም ክፍያ ይሠራሉ። እባክዎ ባለቤትዎን ይዘው ከእነርሱ ወደ አንዱ ይሂዱ።

ስሙን እንዳልጠቅስ የለመነ አንድ ወጣት፣ እንቅልፍ ካጣ ወራት እንደሆነውና አንዳንድ ሌሊት መኖሩ እንደሚያስጠላው ጽፎ፣ «ለዚህ ስንት ፐርሰንት ይሰጣል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ይህን በፐርሰንት አልመልስልህም። አሁኑኑ 988 ደውልና 1ን ተጫን፤ ቀንም ሌሊትም የሚመልስልህ ለቀድሞ ወታደሮች የተመደበ ሰው አለ። ከዚያ ቬት ሴንተር ወደሚባለው የምክር ማዕከል ሂድ። ማመልከቻው ይደርሳል፤ ቀኑን ለማስያዝ ያችን አጭር ቅጽ ጓደኛህ አብሮህ ተቀምጦ ሊያስሞላህ ይችላል። ዛሬ ማታ ግን ብቻህን አትደር፤ ደውል።

ሚስታቸው አዲስ አበባ ቪዛ የምትጠብቅ፣ እናታቸውም ደሴ የሚጦሩ አንባቢ፣ ሁለቱ ይቆጠሩልኝ ይሆን ወይ ይላሉ።

ጥምሩ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይታሰባሉ፤ ሚስትዎ አሜሪካ አለመግባቷ አይከለክልም። የጋብቻውን ማስረጃ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ያዘጋጁና 21-686ሲ በተባለው ቅጽ ያመልክቱ። የውሳኔው ደብዳቤ በደረሰዎ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገቡት ጭማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ይታሰባል፤ ካሳለፉት ግን ውዝፉ ይቀርብዎታል። በእርስዎ ገንዘብ የሚኖሩ እናትም በጥገኝነት ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ብዙ ሰው አያውቅም። ቅጹ 21ፒ-509 ነው፤ የእናትዎ ገቢ ይጠየቃል፤ የሐዋላ ደረሰኞችዎን አይጣሉ። ቀሪውን ከላይ የጠቀስኋቸው ማኅበራት ይነግሩዎታል። ብትፋቱ ግን ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ አለዚያ በትርፍ የተከፈለዎት ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

0 በመቶ ማለት ተከለከልሁ ማለት ነው?

አይደለም። ጉዳቱ ከአገልግሎትዎ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታምኖበታል፤ ገንዘብ የሚያስከፍል ደረጃ ግን አልደረሰም። ሲብስ ጭማሪ ይጠይቁ፤ ከባዱ ማረጋገጫ አልፏል።

የሚኒያፖሊስ አንድ አባት በኢትዮጵያ የቀድሞ ጦር 17 ዓመት አገልግለው፣ በጦርነት ቆስለው፣ ዛሬ የአሜሪካ ዜጋ ናቸው። «እኔስ ወታደር አልነበርሁም?» ይላሉ።

ነበሩ አባቴ። ይህ ካሳ ግን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለተሰጠ አገልግሎት የተወሰነ ስለሆነ፣ ዜግነትዎ ለዚያኛው አገልግሎትዎ መብት አያመጣም። ከ1951 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሥር ኮሪያ ድረስ ሄደው ከአሜሪካውያን ጎን የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን እንኳ በዚያ አገልግሎታቸው ይህን ካሳ አያገኙም። ለእርስዎ የሚቀርበው ኤስኤስአይ የተባለው ድጋፍ ነው፤ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ወይም አካል ጉዳት ላለባቸው፣ ገቢያቸውም አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ይሰጣል። የሚጠየቀው በሶሻል ሴኩሪቲ ጽሕፈት ቤት ነው። ልጅዎ ይዞዎት ይሂድ፤ አስተርጓሚም በነፃ ይመደብልዎታል።

ጡረታዬን አዲስ አበባ ብቀመጥ ካሳው ይቋረጣል?

አይቋረጥም፤ የትም ሀገር ቢኖሩ ይከፈልዎታል። ለታወቁት ጉዳቶችዎ የሚያወጡትን የሕክምና ወጪም በፎሪን ሜዲካል ፕሮግራም በኩል ማስመለስ ይችላሉ። አድራሻዎን ግን ያስመዝግቡ፤ ለድጋሚ ምርመራ የተጻፈ ጥሪ ሜሪላንድ በሚገኘው የድሮ ፖስታ ሣጥንዎ ውስጥ ተቀምጦ ቢያልፍ ክፍያው ሊቀነስብዎ ይችላል።