ስካነሩ የማይነግርሽ ነገር

ከአዳማ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

በአውቶሞቲቭ ሌቨል 4 ጨርሰሽ ጋራዥ ከገባሽ ስምንት ወርሽ ነው። አለቃሽ ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ ይዘው «ስካነሩ ሁሉን ይናገራል፤ ኤሌክትሮኒክስ መማር ጊዜ ማባከን ነው» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ሙያው ራሱ የሚቀር መስሎሽ ሰግተሻል።

ስካነሩ ሁሉን አይናገርም። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መካኒክ ሳለሁ ቼክ ኢንጅን የሚባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት የበራበት ኮሮላ መጣልኝ። ኮዱ ፒ 0171 ነው። ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ቀየርኩ። በሳምንቱ መብራቱ እንደገና በራ። ባለመኪናው በዚያች ታክሲ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰው ነበሩ። ለካ ከአየር መለኪያው በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ። ያ አውጥቼ የጣልኩት ሴንሰር እውነቱን ነበር የሚናገረው።

ኢሲኤም፣ ማለትም ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ሞተሩን አያየውም። የሚያውቀው ሴንሰሮች የሚልኩለትን የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው። አንዱ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) የት እንደደረሰ፣ አንዱ ስንት አየር እንደገባ፣ ሌላው ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ይነግረዋል። ከዚያ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ለስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚከፈት፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ ይወስናል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር «አየር በዝቷል» ሲል ኢሲኤሙ ነዳጅ ይጨምራል። ጨምሮ ጨምሮ ገደቡ ላይ ሲደርስ ነው መብራቱን የሚያበራው። ኮዱ የኮምፒውተሩ አቤቱታ ነው። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያንቺ ሥራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተር ግዢ፤ የሽቦ ዲያግራም ማንበብም ተማሪ። ብዙ ሴንሰሮች የሚሠሩት ከኢሲኤም በሚመጣ 5 ቮልት ነው። «ሴንሰሩ ሞቷል» ከማለትሽ በፊት ሶኬቱ ላይ 5 ቮልቱና ግራውንዱ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) መኖራቸውን ለኪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዛገ ሶኬት ወይም የላላ ግራውንድ ሆኖ ይገኛል።

ከጠየቅሽኝ ወደ ከባድ ማሽን ብታዘነብዪ ደስ ይለኛል። ኤክስካቫተር ላይ ለሞተሩ አንድ፣ ለሃይድሮሊኩ ሌላ ኮምፒውተር አለ። ካን በሚባል የሁለት ሽቦ መስመር ይነጋገራሉ። ሞተሩ ጭነት ሲከብደው እንዳይጠፋ ፓምፑ እንዲቀንስ የሚደረገው በዚህ ንግግር ነው። ኃይል አጥፍተሽ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ስትለኪ 60 ኦም ማግኘት አለብሽ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር አለ፤ ሁለቱ አብረው 60 ይሰጣሉ። 120 ካነበብሽ አንዱ ሬዚስተር ጠፍቷል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። ይህን የሚለካ ሰው ጠፍቶ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲቆም አይቻለሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው አትስጊ። እርግጥ አገራችን በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። የገቡት ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ኤሌክትሪኩም ቢሆን የባትሪውን ቮልትና ሙቀት እየለካ ምን ያህል ቻርጅ እንደሚቀበል የሚወስን ሞጁል አለው። ሴንሰሩም፣ ካኑም ያው ነው። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ ብርቱካናማ ሽቦ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሸከማል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ሳትወስጂ እንዳትነኪው።

ከአለቃሽ ጋር አትከራከሪ። ዕቃ ከመቀየሩ በፊት «አሥራ አምስት ደቂቃ ልለካው» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ደብተር ያዢ፦ መኪናው፣ ኮዱ፣ የለካሽው፣ ያገኘሽው። እኔ ሠራተኛ ስቀጥር እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የመጣን ሰው አስቀድማለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምንም ያልተበላሸ መኪና ንባብ ጻፊ። ጤነኛው ምን እንደሚያሳይ ካላወቅሽ የታመመውን በምን ትለዪዋለሽ?